ከደሴ እስከ ውጫሌ ሸቀጥ ለሚያከፋፍሉ አዲስ የካሚዮን ነጂዎች የሚሆን ትምህርት

ከባሕር ማዶ የተገዛ ዕቃ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ ድረስ በትልልቅ ተሳቢዎች ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ነጋዴው ለዚህ ረጅም ጉዞ ያስባል፤ መድን ይገባለታል፤ በኪራዩ ይከራከራል፤ የዕቃውንም መድረስ በስልክ ቀንና ሌሊት ይጠይቃል። ያው ዕቃ ከመጋዘን ወጥቶ ወደ ቸርቻሪው ሱቅ በሚሄድበት ጊዜ ግን፣ መንገዱ አጭር ነው በማለት፣ መንጃ ፈቃዱን ከተቀበለ ገና ዓመት ላልሞላው ወጣት ነጂና ለአንድ ረዳት አስረክቦ ወደ ሌላ ሥራው ይዞራል። ይሁን እንጂ ስኳር በዝናብ የሚሟሟው፣ ጠርሙስ የሚሰበረው፣ ሂሳብ የሚፋለሰው፣ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ሰው የሚጎዳው እንደ ረጅሙ መንገድ ሁሉ በዚህ በአጭሩም ላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለምሳሌ የተወሰደው ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ ከተማ አልፎ ውጫሌ የሚደርሰው መስመር ነው። ርዝመቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በወልድያና በመቀሌ አድርጎ ወደ አስመራ የሚዘልቀው የታወቀው ጎዳና ክፍል ነው። ጎዳናው ለመኪና እንዲስማማ ሆኖ የተሠራው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣልያ ወረራ ዘመን ነው። ጎማ፣ ስፖንዳ፣ ባሌስትራ፣ ፎሌ የሚባሉት የነጂዎች ቃላትም ከዚያው ወገን የተወረሱ ናቸው። በዚህ መስመር ላይ ተራራ፣ ቁልቁለት፣ ጠባብ የከተማ መንገድ፣ የገበያ ሕዝብ፣ ከብትና ጋሪ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ስለሚገናኙ አዲስ ነጂ በዚህ ከሠለጠነ በሌላውም ቦታ አይቸገርም።

የአከፋፋይ ነጂ ሥራ መሪ ከመጨበጡ በፊት ከመጋዘኑ ደጃፍ ይጀምራል። ጫኞቹ ዕቃውን ሲያነሡ ነጂው ሻይ ቤት ተቀምጦ ቢቆይ፣ በኋላ በመንገድ ላይ ለሚደርሰው ሁሉ መልስ አይኖረውም። የአጫጫን ደንብ ቀላል ይመስላል፤ መጨረሻ የሚራገፈው መጀመሪያ ይጫናል። ለውጫሌ የታዘዘው ወደ ካቢናው ተጠግቶ፣ ለሐይቅ የታዘዘው ወደ ኋላ ይሆናል ማለት ነው። ነገር ግን የሐይቁ ደንበኛ ሲሚንቶ፣ የውጫሌው ደግሞ ሳሙናና ብስኩት ያዘዙ እንደ ሆነ ነገሩ ይለወጣል። ከባዱ ጭነት ከኋለኛው ጎማ አልፎ በመኪናው ጅራት ላይ ሲያርፍ የፊቱ ጎማ ይቀላል፤ መሪውም ይሳሳል፤ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ለነጂው አልታዘዝ ይላል። በዚህ ጊዜ የማራገፍን ምቾት መተው የተገባ ነው። ሲሚንቶው በወለሉ ላይ ከመካከል ወደ ፊት እኩል ተነጥፎ፣ ቀላሉ ዕቃ በላዩና በስተኋላው ይደረደራል። ሐይቅ ላይ ጥቂት ካርቶን አውርዶ መልሶ መጫን ቢያስፈልግ የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። የአጋሰሱ ጭነት በግራና በቀኝ ካልተመዛዘነ እንስሳው ከሁለተኛው ሰፈር ሳይደርስ ጀርባው ይገጠባል፤ ነጋዴውም ጉዳቱን በዓይኑ ያያል። ካሚዮን ግን አይገጠብም፤ አይነክስም፤ አልሄድም ብሎ አይተኛም። በዚህ ምክንያት ጥፋቱ የሚታወቀው ባሌስትራው ሲሰበር ወይም ጎማው ሲፈነዳ ነው። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚታየው አይሱዙ ኤንፒአር የተባለው ካሚዮን በነጋዴዎች ልማድ 50 ኩንታል ጫኝ ይባላል። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ግራም እንደ መሆኑ መጠን 100 ከረጢት ሲጫን 5 ቶን ሞላ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ «መንገዱ ቅርብ ነው» እየተባለ የሚታከለው 10 ኩንታል ለአንድ ቀን ኪራይ ያተርፍ ይሆናል፤ ፍሬኑን፣ ጎማውንና ባሌስትራውን ግን ከተሠሩበት ልክ በላይ ያሠራቸዋል። ባለ መኪናው ነጂውን እንዲህ እንዲጭን ቢያዘው፣ ነጂው በትሕትና እንቢ ለማለት መድፈር ይኖርበታል።

ዕቃን ከዕቃ መለየትም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ሻይ ቅጠል የአጠገቡን ሽታ ሁሉ ይስባል፤ ስለዚህ ከሳሙናና ከነጭ ጋዝ መራቅ አለበት። ዱቄትና ስኳር ከርጥብ ወለል ላይ አይቀመጡም፤ ከሥራቸው ሳንቃ ወይም ደረቅ ሸራ ይነጠፍላቸዋል። የጠርሙስ ሳጥን ከላዩ ከባድ ነገር አይወድም። ይህን ሁሉ ቢተላለፉ የሚጠፋው ገንዘብ ነው። የተባይ መድኃኒት ግን ከእህል፣ ከዱቄትና ከዘይት ጋር በአንድ ስፖንዳ ውስጥ ከቶ አይጫንም። ከአንድ ጀሪካን የፈሰሰ መድኃኒት በጆንያው ዘልቆ ሲገባ ዓይን አያየውም፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ በማያውቅ ቤተሰብ ማዕድ ላይ ይገኛል። መድኃኒት ተጭኖ ከነበረም ወለሉ በብዙ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በነጂው ዓይን ሳይታይ የሚበላ ነገር አይጫንበትም። ታጥቧል የሚል የረዳት ቃል ለዚህ አይበቃም።

ሸራው ከተወጠረና ገመዱ ከታሰረ በኋላ መኪናው ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ዳር ይዞ መቆም ያስፈልጋል። ጭነቱ በንቅናቄው ስለሚረጋ ጠዋት እንደ ክራር ጅማት የተወጠረው ገመድ በዚህ ጊዜ ላልቶ ይገኛል። በሐምሌና በነሐሴ ይቅርና በበልግም ወራት በወሎ ሰማይ ላይ እምነት ጥሎ ሸራን በመጋዘን ትቶ መውጣት አይገባም።

አሁን ስለ ቁልቁለቱ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ አዲስ ነጂ የሚሳሳተው በዚህ ነውና። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ የሐይቅ ውሃ የሚገኘው ግን በ1,900 ሜትር ግድም ላይ ነው። ስለዚህ የተጫነ ካሚዮን ከደሴ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ሐይቅ ከተማ ሲደርስ በድምሩ 500 ሜትር ያህል ወረደ ማለት ነው። መኪናውና ጭነቱ በአንድነት 8 ቶን ቢመዝኑ፣ ይህን ያህል ከፍታ ሲወርዱ የሚገኘው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ110 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። አንባቢው አንድ ትልቅ በርሜል ግማሽ ያህሉን ውሃ ሞልቶ በእንጨት ለማፍላት ስንት ሸክም እንጨት እንደሚያስፈልግ ያስብ። ከነፋሱና ከመንገዱ ጋር ሲፋተግ ከሚጠፋው በቀር፣ ይህ ሁሉ ሙቀት ከመኪናው ላይ መውጫ ይፈልጋል።

መውጫው ሁለት ነው። ነጂው ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝለታል፤ ከሙቀቱም የሚበዛው በሞተሩ በኩል ይወጣል። በፎሌ ሲወርድ ግን ሞተሩ ከጎማው ስለ ተለያየ ሙቀቱ በሙሉ በፍሬን ሸራና በታምቡሩ ላይ ይወድቃል። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል። ለብዙ ጊዜ ያልተለወጠ የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ርጥበት እየሳበ ስለሚቆይ ቶሎ ይፈላል፤ ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሞላል፤ ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ እግሩ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም። «ፍሬን በጠሰ» ተብሎ ከሚነገረው አደጋ አንዳንዱ ምንም ነገር ሳይበጠስ በዚህ ዐይነት የሚደርስ ነው።

በነጂዎች ዘንድ ፎሌ ናፍጣ ይቆጥባል የሚል አሳብ ከጥንት ጀምሮ ሥር ሰዷል። አሳቡ ስሕተት ነው። የናፍጣ ሞተር በማርሽ ተይዞ ቁልቁለት ሲወርድ፣ ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ካነሣ፣ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በፎሌ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ያህል ናፍጣ ሲጠጣ ይወርዳል። ይህን ለረዳቱም ማስረዳት ይጠቅማል፤ የዛሬው ረዳት የነገው ነጂ ነው፤ ያየውንም ይሠራል።

እንግዲህ አዲስ ነጂ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ ሽቅብ ቢወጣው ኖሮ በሚጠቀምበት ማርሽ መግባት አለበት። መውረድ ከጀመረ በኋላ ማርሽ ለመለወጥ መሞከር አደገኛ ነው፤ ማርሹ አልገባ ቢል መኪናው በፎሌ ይቀራል። ፍሬን ሲያስፈልገው ረግጦ ፍጥነቱን ካበረደ በኋላ መልቀቅ እንጂ እግሩን በፔዳሉ ላይ አሳርፎ መውረድ የለበትም። የተቃጠለ ሸራ ሽታ በአፍንጫው ከመጣ፣ ፍሬኑ ገና ሲይዝ ሳለ ዳር ይዞ ይቁም፤ ማርሽ ያግባ፤ ረዳቱ ታኮ ያድርግ፤ እስኪበርድም ይታገሥ። በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ የሚደፉ አሉ፤ ብረቱ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃልና አይገባም። ከውጫሌ አልፎ ወደ ውርጌሳና ወደ መርሳ ለሚቀጥለው፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ለሚመላለሰውም ይኸው ምክር ነው።

ከተማ ሲገባ ፍርሃቱ ይቀራል፤ ጥንቃቄው ግን መብዛት አለበት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነጂ አደጋ አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያነሣ አንድ ሰከንድ ቢያልፍ መኪናው 17 ሜትር ያህል ተጉዟል፤ በ30 ቢሆን 8 ሜትር ብቻ። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ያለው ደግሞ ይበልጣል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና። በሐይቅና በውጫሌ ሱቆቹ ከዋናው ጎዳና ዳርና ዳር ስለ ሆኑ ሕፃን ከአንዱ በር ወጥቶ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ባጃጅ ያለ ፍሬቻ ይታጠፋል፤ አህያ ከነጭነቷ መካከሉን ይዛ ትሄዳለች። ክላክስ ሕፃኑን ያስደነግጠዋል እንጂ አያስተምረውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው የኋልዮሽ መሄድ ነው። ሸራ የለበሰ ካሚዮን ከኋላው ያለውን ለነጂው አያሳየውም፤ ስፖኪዮም ጎኑን እንጂ ጀርባውን አያይም። ስለዚህ ረዳቱ ወርዶ በነጂው ወገን፣ በስፖኪዮው ውስጥ በሚታይበት ቦታ ቆሞ ይምራ። በመኪናውና በግድግዳ መካከል ፈጽሞ አይቁም። ረዳቱ ከስፖኪዮው የተሰወረ እንደ ሆነ ነጂው ምንም ሳይጠይቅ ወዲያው ያቁም። ዕቃ ሲራገፍ ቆይቶ እንደ ገና ከመነሣት በፊት ደግሞ ነጂው ራሱ ወርዶ መኪናውን አንድ ጊዜ ይዙር። ሥራ ሲታይ ልጆች መሰብሰባቸው የታወቀ ነው፤ ከጎማ ሥር ጥላ ፈልጎ የሚቀመጥም ይገኛል። ይህ ዙሪት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ዕቃው ከሱቁ ደጃፍ ሲደርስ ነጂው የነጋዴው መልእክተኛ ይሆናል። ዕድሜያቸው የገፋውን ባለ ሱቅ እንደየሁኔታው ጋሼ፣ ሐጂ፣ ሼህ፣ እትዬ ብሎ ሰላምታ ሳያቀርብ «ቶሎ አውርዱልኝ» የሚል ወጣት የጌታውን ደንበኛ ያሸሻል። የጫኝና አውራጁ ዋጋ አስቀድሞ ይነጋገሩበት፤ ከተራገፈ በኋላ የሚነሣ ክርክር ሌሎች የሚጠብቁትን ሰዓት ይበላል። ዕቃው በባለ ሱቁ ፊት ይቆጠር እንጂ «መጋዘን ተቆጥሯል» አይባል።

የመላኪያው ወረቀት በሁለት ቅጂ መሆን አለበት፤ አንዱ ለባለ ሱቁ ይቀራል፤ ሁለተኛው ተፈርሞበት ይመለሳል። «10 ካርቶን ሳሙና» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ዐይነቱና በአንዱ ካርቶን ውስጥ ያለው ቁጥር መገለጽ አለበት። የተሰበረ ወይም የጎደለ ቢገኝ ጉድለቱ በሁለቱም ቅጂ ላይ በአንድ ዐይነት ቃል ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበታል። አንዳንድ ነጂ በራሱ ቅጂ ላይ ብቻ ጽፎ ይሄዳል፤ ባለ ሱቁም በበኩሉ በራሱ ላይ ሌላ ይጽፋል። የሁለት ቅጂ አለመስማማት ምን እንደሚያመጣ ከውጫሌ ሰው ይልቅ የሚያውቅ የለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚህችው ስፍራ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በኮንት አንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጹ በአማርኛው ቅጂ ለኢትዮጵያ ፈቃድን ሲሰጥ፣ በጣልያንኛው ግን ግዴታን ጥሎባት ተገኘ። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በጦርነት አለቀ። የሳሙና ካርቶን ለጦርነት አያበቃም፤ ለዐሥር ዓመት የቆየ ደንበኝነትን ግን ያፈርሳል።

ስለ ገንዘብ አጭር ነገር ይበቃል። ነጂ የብዙ ሱቅ ሽያጭ በኪሱ ይዞ ሲመሽበት ለራሱም ለነጋዴውም አደጋ ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ስላለ፣ የባንክም ቅርንጫፍ በየከተማው ስለ ተስፋፋ፣ ባለ ሱቁ ክፍያውን በቀጥታ ለነጋዴው ቢያስገባና ነጂው የማስገቢያውን ቁጥር በወረቀቱ ላይ ቢጽፍ ይሻላል። በዱቤ የሚሰጠውን ግን ነጂው በገዛ ፈቃዱ አይወስን፤ ይህ የነጋዴው ሥልጣን ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ መስመር አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ዕቃው ተዘርፎ ባዶውን የቀረ ሱቅ ብዙ ነበር፤ ንግዱም እንደ ገና ሲነሣ መተማመን ትልቅ ድርሻ ነበረው። የተላከውን ዕቃ ሳያጎድል የሚያደርስ ነጂ የዚህ መተማመን ተሸካሚ ነው። ከዚያም ወዲህ ቢሆን ከመነሣት በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን በመንገዱ ላይ ላሉት ከተሞች ደውሎ መጠየቅ የነጂዎች ልማድ ሊሆን ይገባል።

ቀንና ሰዓት መምረጥ ደግሞ አገር ማወቅ ነው። ዓርብ በጁምዓ ሶላት ሰዓት በር ላይ መድረስ ዋጋ የለውም፤ ባለ ሱቁ መስጊድ ነው። በረመዳን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዕቃ ይዞ መጥቶ የጾመን ሰው ካርቶን ቁጠር ማለት ነውር ነው። ከዒድና ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ትእዛዝ ስለሚበዛ አንድ ቀን ቀድሞ መጫን ብልህነት ነው። መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም ንግሥ ሕዝብ ወደ አምባሰል ሲጎርፍ፣ ጥቅምት 17 ቀንም ሐይቅ እስጢፋኖስ ሲከበር፣ በእግሩ የሚሄደው ምእመን የመንገዱን ዳር ይሞላዋል፤ ከንጋት በፊት በጨለማ የሚሄዱም አሉ። በእነዚህ ቀኖች ማከፋፈሉን ወደ ማግሥቱ ማዛወር የሚጎዳው ማንንም አይደለም። በገበያ ቀንም ከሰዓት በፊት ሳይሆን ገና ጠዋቱ ሳይሞቅ ገብቶ መውጣት ይሻላል።

ይህ ሁሉ ምክር ለነጂው ቢነገርም የሚፈጸመው ነጋዴው ከፈቀደ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ተመላለስ፣ ሦስተኛም ጨምር፣ ክፍያህ በምልልስህ ነው የሚል ባለ መኪና ነጂውን ሳያውቀው ወደ ፎሌ፣ ወደ ጫትና ወደ እንቅልፍ ማጣት ይገፋዋል። ጫት ዛሬ የከለከለውን እንቅልፍ ነገ ከነወለዱ ይጠይቃል፤ ያውም በመሪ ላይ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2081ኛው ቁጥር የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ነበር ቢባል እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም። ለሦስተኛ ወገን መድን መግባትም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ የመድን ገንዘብ ግን ልጁን ለተነጠቀ ቤት ልጁን አይመልስም። እንግዲህ አዲስ ነጂ የሚቀጥር ነጋዴ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መስመሩን ከሚያውቅ አሮጌ ነጂ አጠገብ ቢያስቀምጠው፣ ደመወዙንም በወር ቢያደርግለት፣ ያወጣው ገንዘብ በጎማና በጥገና ብቻ ተመልሶ ያገኘዋል።

ማምሻውን መኪናው ወደ ደሴ ሲመለስ ሥራው ገና አላለቀም። ባዶ የጠርሙስ ሳጥኖችና ጀሪካኖች በየባለቤቱ ስም ተቆጥረው ይገባሉ፤ የተፈረሙት ቅጂዎች በመስመሩ ቅደም ተከተል ተደርድረው ለጸሐፊው ይሰጣሉ፤ የጎደለና የተመለሰ ካለ ነጂው በዚያው ምሽት በቃሉ ያስረዳል፤ ሲያድር ይረሳልና። ከዚያ በኋላ ወለሉ ይጠረጋል፤ ሸራው ርጥብ ከሆነ ተዘርግቶ ይሰቀላል እንጂ ተጠቅልሎ አያድርም፤ ጎማዎቹ በእጅ ይዳሰሳሉ፤ ከሌሎቹ ይልቅ ግሎ የተገኘ ካለም የፍሬኑ ነገር ለመካኒኩ ተነግሮ፣ ሳይታይ ጠዋት አይጫንበትም።